የራስን ገንዘብ ለማስተዳደር ምን ይነበባል?

«ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ይባላል። ገንዘቡ እጅ ከገባ በኋላ በየትኛው መንገድ እንደሚወጣ ግን ብዙም አይወራም። ዲግሪውን የያዘ፣ ደመወዝተኛ የሆነ፣ ጋዜጣ የማያመልጠው የከተማ ሰው ስለ ፖለቲካው፣ ስለ እንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ወይም ስለ ዓለም ነዳጅ ዋጋ ሲጠየቅ ሳያመነታ ይመልሳል። ባለፈው ወር ለጡረታ ስንት ብር እንደተቆረጠበት፣ ለመሥሪያ ቤት ባልደረባው የፈረመው ዋስትና እስከ ስንት ብር እንደሚያስጠይቀው ሲጠየቅ ግን «ወረቀቱን ልፈልገው» ይላል። ወረቀቱም አይገኝም።

ይህንን ክፍተት ለመሙላት የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሄደው ወደ መጻሕፍት መደብር ነው። ወደዚያ መሄዱ አይከፋም። ነገር ግን የአንድን አዲስ አበቤ ሠራተኛ ገንዘብ ከጥፋት የሚያድነው ንባብ በአብዛኛው በመደብሩ መደርደሪያ ላይ አይገኝም። የሚገኘው በራሱ ፊርማ ሥር ባሉ ወረቀቶችና ከወረቀቶቹ በስተጀርባ ባሉት ሕጎች ውስጥ ነው። እነዚህ ደግሞ በአማርኛ የተጻፉ፣ ዋጋቸው ርካሽ የሆነ ወይም በነፃ የሚገኙ፣ ነገር ግን ተነባቢ ያጡ ጽሑፎች ናቸው።

የትርጉም መጻሕፍቱ

ስለ ሀብት የሚናገሩት የትርጉም ሥራዎች በየመንገዱ በሚዞሩ መጽሐፍ ሻጮች እጅ ሳይቀር ሞልተዋል። ከመነሻቸው ሲታዩ አብዛኞቹ አሜሪካዊ ናቸው። የጆርጅ ክሌሰን የባቢሎን ባለጸጋ ታሪኮች መታተም የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1926 ነው። የናፖሊዮን ሂል «ቲንክ ኤንድ ግሮው ሪች» በ1937፣ የሮበርት ኪዮሳኪ «ሪች ዳድ ፑር ዳድ» ደግሞ በ1997 ወጥተዋል። በአማርኛ ስለ ገንዘብ መጻፍ አዲስ ነገር አለመሆኑን ግን ማስታወስ ይገባል። የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ደራሲው ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታትሟል። እርሳቸው የተጨነቁት ግን ለአገር ሀብት እንጂ ለወር ደመወዝ አልነበረም።

ከአሜሪካዊዎቹ መጻሕፍት የሚገኘው ጥቅም እውነተኛ ነው። ክሌሰን ከሚገባው ገንዘብ አንድ አሥረኛውን አስቀድሞ ለራስ ማስቀረትን ይመክራል። ወጪን መመዝገብ፣ ለታይታ አለመግዛት፣ በማያውቁት ንግድ አለመግባት፤ ይህ ሁሉ አገርና ዘመን አይለይም። ችግሩ የሚጀምረው ቀጣዩ ምዕራፍ ላይ ነው። በዚያ ምዕራፍ ደራሲው ገንዘቡ ባንክ ተቀምጦ ወለድ በወለድ ላይ እየወለደ እንዴት እንደሚያድግ በሠንጠረዥ ያሳያል። አንባቢውም ሠንጠረዡን ይዞ ወደ ባንክ ይሄዳል።

እኛ ዘንድ የሆነውን እንይ። ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ያሳደገው በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ነው። በ2014 ዓ.ም. ግን ዓመታዊው የዋጋ ግሽበት ከ30 በመቶ በላይ ሆነ። በዚያ ጊዜ 100 ሺሕ ብር በ7 በመቶ ወለድ ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ መጨረሻ 107 ሺሕ ብር ያገኛል። በመጀመሪያው ቀን በ100 ሺሕ ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ ደግሞ 130 ሺሕ ብር ገብቷል። ስለዚህ የቆጣቢው ገንዘብ የመግዛት አቅም በዓመቱ መነሻ ዋጋ ሲታይ ወደ 82 ሺሕ 300 ብር ወርዷል ማለት ነው። ደብተሩ ላይ 7 ሺሕ ብር ተጨምሯል፤ ከኪሱ ወደ 18 ሺሕ ብር የሚጠጋ ወጥቷል። ይህንን ሒሳብ የትኛውም የትርጉም መጽሐፍ አይሠራለትም። ሊሠራው የሚችለው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ የሚያወጣውን የዋጋ መግለጫ ከባንኩ የወለድ መጣኔ ጎን አስቀምጦ ሲያነብ ብቻ ነው። የምግብና ምግብ ነክ ያልሆኑ ዕቃዎች ግሽበት ለየብቻ ስለሚቀርብ፣ አብዛኛውን ደመወዙን ለአስቤዛ የሚያወጣ ቤተሰብ ከጠቅላላው ቁጥር ይልቅ የምግቡን ቢመለከት ይሻለዋል።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው አልቆጥብም» የሚል ካለ ተሳስቷል። ለሦስት ወይም ለአራት ወር ወጪ የሚበቃ ገንዘብ ባንክ መኖር አለበት። ይህ ገንዘብ የሚቀመጠው እንዲያድግ ሳይሆን ሰው ሲታመም ወይም ሥራ ሲቋረጥ አራጣ አበዳሪ ደጅ ላለመቆም ነው። ከዚያ በላይ ያለውን በባንክ ደብተር አስቀምጦ መርሳት ግን በዓይን የሚታይ ኪሳራ ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። ኪዮሳኪ የምትኖርበት ቤት ሀብትህ አይደለም፣ ከኪስህ የሚያወጣ ዕዳ ነው ይላል። ለሚጽፍላቸው ሰዎች ክርክሩ ትርጉም ይኖረው ይሆናል። በ1997 ወይም በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ፣ በ20/80 መርሐ ግብር ሃያ በመቶውን ከፍሎ ቀሪውን በረዥም ጊዜ የባንክ ብድር የያዘ የአዲስ አበባ ነዋሪ ግን ከዚያ በኋላ የመጣውን የቤት ኪራይና የቤት ዋጋ ያውቀዋል። በመጽሐፉ ምክር ዕጣውን የተወ ሰው ካለ ማጽናናት ያስቸግራል።

ከደመወዝ ጋር የሚመጣው ወረቀት

ሠራተኛ ሁሉ በየወሩ የሚደርሰው፣ ሁሉም የመጨረሻዋን መስመር ብቻ አይቶ የሚያጥፈው ጽሑፍ የደመወዝ መግለጫው ነው። ይህንን ወረቀት ለማንበብ ሁለት ሕጎች ይበቃሉ።

አንደኛው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ነው። አዋጁ ሲወጣ ከግብር ነፃ የነበረው የወር ደመወዝ እስከ 600 ብር ሲሆን፣ ከፍተኛው 35 በመቶ የሚጀምረው ከ10,900 ብር በላይ ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ የጸደቀው ማሻሻያ ነፃውን ወደ 2,000 ብር ከፍ አድርጎ 35 በመቶውን ከ14,000 ብር በላይ አስጀምሮታል። በመካከል 15፣ 20፣ 25 እና 30 በመቶ የሚከፈልባቸው እርከኖች አሉ። ብዙ ሰው «35 በመቶ ውስጥ ገባሁ» ሲል ደመወዙ በሙሉ በ35 በመቶ የሚሰላ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። እያንዳንዱ እርከን ለብቻው ይሰላል። 20,000 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ በአዲሱ ስሌት 4,950 ብር ይቆረጥበታል፤ በቀድሞው 5,500 ብር ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ ክፍል አዲሱን ስሌት ማስገባቱን ለማወቅ ብዕርና አምስት ደቂቃ ይበቃሉ።

ሁለተኛው የጡረታ ሕግ ነው። በግል ድርጅት ለሚሠራ ሰው አዋጅ ቁጥር 1268/2014፣ ለመንግሥት ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከደመወዙ 7 በመቶ ይቆረጥበታል፤ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ይጨምራል። ከላይ ባለው ምሳሌ ሠራተኛው 1,400 ብር፣ አሠሪው 2,200 ብር ያዋጣሉ። ሠራተኛው ቤቱ የሚገባው 13,650 ብር ነው። እዚህ ላይ መታየት ያለበት ነገር ወረቀቱ የሚያረጋግጠው መቆረጡን እንጂ ገቢ መደረጉን አለመሆኑ ነው። ወርኃዊ የጡረታ አበል ለማግኘት ቢያንስ አሥር ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል፤ ድርጅቱ ቆርጦ ገቢ ያላደረገበት ጊዜ ቢኖር ጭቅጭቁ የሚነሣው ሰውየው ጉልበቱ ከደከመ በኋላ ነው። ስለዚህ የደመወዝ መግለጫን በዓመት በዓመቱ እያሰሩ ማስቀመጥና ሥራ በሚለቀቅበት ጊዜ የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ዘንድ ምዝገባን ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

በነገራችን ላይ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ይህንን የማያውቅ ሠራተኛ ግማሽ ደመወዙ ለዕዳ ሲቆረጥበት ዝም ይላል።

ዋስትና

የሕግ ትምህርት የተማረ ሰው በዘመድና በጓደኛ መካከል ሲቀመጥ ከሁሉ ይልቅ የሚጠየቀው ስለ ዋስትና ነው። የሚጠየቀው ግን ከተፈረመ በኋላ ነው። «ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ያስቸግራል» የሚባለው ለዚህ ነው።

እኛ አገር ዋስ መሆን እንደ ማኅበራዊ ግዴታ ይታያል። ልቅሶ እንደ መድረስ፣ ሠርግ እንደ መሄድ። አንዱ ባልደረባ ከብድርና ቁጠባ ተቋም 400 ሺሕ ብር ሊበደር ነው፤ የደመወዝተኛ ዋስ ያስፈልገዋል። ሌላው የእህቱ ልጅ ገንዘብ ያዥ ሆኖ ሊቀጠር ነው፤ አሠሪው የሰው ዋስ ይፈልጋል። እምቢ ማለት ነውር ስለሆነ ወረቀቱ ሳይነበብ ይፈረማል። ተበዳሪው ቢሰወር ወይም ገንዘብ ያዡ ቢያጎድል ግን ሕጉ ነውርን አይቆጥርም።

ስለዚህ የፍትሐ ብሔር ሕግን ከቁጥር 1920 ጀምሮ ማንበብ፣ በዚህ ጸሐፊ እምነት፣ ከአሥር የስኬት መጽሐፍ ይበልጣል። ከዚያ ውስጥ ሦስት ነገሮች በተለይ ይጠቅማሉ። ዋስትና በግምት አይኖርም፤ በግልጽ መሰጠት አለበት፤ በጽሑፍም መሆን ይኖርበታል። በቁጥር 1922 መሠረት ደግሞ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን በውሉ ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም። «ለሚያጠፋው ጥፋት ሁሉ ኃላፊ ነኝ» የሚል፣ የብር መጠን የሌለበት ቅጽ ቀርቦለት የሚፈርም ሰው ይህንን ቢያውቅ ኖሮ ቢያንስ መጠኑ ይጻፍ ብሎ ይጠይቅ ነበር። መጠኑ ሲጻፍም ብዙ ጊዜ እጁ ይመለሳል።

ሦስተኛው ከሁሉ ተንኮለኛው ነው። በተራ ዋስነት የፈረመ ሰው ሲከሰስ «መጀመሪያ የዋናውን ባለዕዳ ንብረት ፈልጉ» ብሎ የመከራከር መብት አለው። «በአንድነትና በነጠላ» የሚሉት ቃላት በውሉ ውስጥ ካሉ ግን፣ በቁጥር 1933 መሠረት ባለገንዘቡ ባለዕዳውን ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ ዋሱ መምጣት ይችላል። አበዳሪው ደግሞ ሁልጊዜ የሚመርጠው ደመወዙ የሚታወቀውን፣ አድራሻው የማይጠፋውን ሰው ነው። ዋሱ ከከፈለ በኋላ ባለዕዳውን ከስሶ የማስመለስ መብት ቢኖረውም፣ የተሰወረን ሰው መክሰስ ምን ያህል እንደሚያዋጣ ለማንም ግልጽ ነው።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚነበብ አንድ አንቀጽ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ውስጥ አለ። አንቀጽ 68 ባለትዳር የሆነ ሰው ከ500 ብር በላይ ለሆነ የሌላ ሰው ዕዳ ዋስ ለመሆን፣ ወይም ከዚያ በላይ ለመበደርና ለማበደር የትዳር ጓደኛው ስምምነት እንደሚያስፈልገው ይደነግጋል። ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው የክልል ነዋሪ የራሱን ማየት አለበት። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ግን የሚሠራው ይኼ ነው። «ባለቤቴን ላማክር» ማለት ታዲያ የማምለጫ ሰበብ አይደለም፤ የሕግ ግዴታ ነው። ይሉኝታ ለያዘው ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝለትም።

ብድር

በወዳጅ መካከል በሚደረግ ብድር እንጀምር። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነት ወይም መሐላ ነው። ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ የአንድ ምሳ ግብዣ ዋጋ ነው። ስለዚህ ዛሬ ብድር የሚባለው ሁሉ ማለት ይቻላል ወረቀት ይፈልጋል። ሕጉ በግለሰቦች መካከል የሚደረግ የብድር ወለድም በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ አራጣ በወንጀል ሕጉም ያስቀጣል። ለዋስትና ተብሎ የሚሰጥ ቼክም የዋዛ አይደለም። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ወንጀል ነው። «ዝም ብሎ ለመተማመኛ ነው» ተብሎ የተሰጠ ቼክ ብዙ ነጋዴ አሳስሯል።

የተቋም ብድር ሲሆን መጀመሪያ የሚታየው ወለዱ ስንት በመቶ ነው የሚለው ሳይሆን በምን ላይ ይሰላል የሚለው ነው። 120 ሺሕ ብር ለአንድ ዓመት በ15 በመቶ የተበደሩ ሁለት ሰዎች እንውሰድ። የአንደኛው ወለድ በየወሩ በቀሪው ዕዳ ላይ ብቻ ይሰላል። በየወሩ ወደ 10,831 ብር ይከፍላል፤ የዓመቱ ወለድ ወደ 9,970 ብር ገደማ ይሆናል። የሁለተኛው ወለድ ከመጀመሪያው ሙሉ ብድር ላይ ተሰልቶ ለአሥራ ሁለት ይካፈላል። በየወሩ 11,500 ብር ይከፍላል፤ ወለዱ 18 ሺሕ ብር ነው። ሁለቱም ውሎች ላይ «15 በመቶ» ተጽፏል። የሁለተኛው እንደ መጀመሪያው ቢሰላ ኖሮ ግን ወደ 27 በመቶ ይጠጋ ነበር። ልዩነቱ የሚገኘው በአንዲት ሐረግ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከመፈረም በፊት የወር በወር የክፍያ ሠንጠረዡን ጠይቆ መቀበልና ቤት ወስዶ ማየት ያስፈልጋል።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በስልክ የሚገኙ ትናንሽ ብድሮች ተለምደዋል። እዚህም ወለድ በሚለው ቃል ፋንታ የአገልግሎት ክፍያ የሚል ሊመጣ ይችላል። ለአንድ ወር በወሰዱት 1,000 ብር 60 ብር ቢከፈል ትንሽ ይመስላል። በየወሩ የሚደጋገም ከሆነ ግን በዓመት 720 ብር ነው፤ ከብድሩ 72 በመቶ።

ቤቱን በመያዣ ለሚያስይዝ ሰው የግድ የሚነበበው አዋጅ ቁጥር 97/1990 ነው። ይህ አዋጅ ለባንኮች ልዩ ሥልጣን ይሰጣል። ባንኩ በውሉ ላይ ሥልጣኑ ከተሰጠውና ዕዳው በጊዜው ካልተከፈለ፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በመያዣ የያዘውን ቤት በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ቤቱ የሚሸጠው ከረዥም ክርክር በኋላ ነው ብለው የሚያምኑ ሰዎች ሠላሳው ቀን የሚያልቀው ጠበቃ ሲፈልጉ ነው። የአዋጁ ዓላማ የባንኮችን ገንዘብ፣ ማለትም የሌሎች ቆጣቢዎችን ገንዘብ ማስመለስ ስለሆነ ፍርደ ገምድል ነው አልልም። ነገር ግን የወላጆቹን ቤት ለንግድ ብድር የሚያስይዝ ወጣት ይህንን አዋጅ አባትና እናቱ ፊት ጮክ ብሎ ሊያነብላቸው ይገባል።

ባንክ ያለው ገንዘብና አክሲዮን

ባንክ ቢወድቅ ገንዘቤ ምን ይሆናል? ለዚህ ጥያቄ የተጻፈ መልስ አለ። በደንብ ቁጥር 482/2013 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የገንዘብ አስቀማጮች መድን ፈንድ ለአንድ አስቀማጭ በአንድ የፋይናንስ ተቋም እስከ 100 ሺሕ ብር ሽፋን ይሰጣል። ከዚያ በላይ ያለው ገንዘብ በፈንዱ አይሸፈንም። ቤት ሸጦ ሚሊዮኖችን በአንድ ባንክ ያኖረ ሰው የዚያን ባንክ ዓመታዊ ሪፖርት ቢያነብ ጊዜውን አላባከነም። ባንኮች የተመረመረ ሒሳባቸውን በየዓመቱ ያወጣሉ፤ የውጭ ኦዲተሩ አስተያየትና የተበላሹ ብድሮች መጠን የመጀመሪያ ማረፊያዎች ናቸው።

አክሲዮንን በተመለከተ ከሃያ ዓመት በፊት ገደማ የነበረውን ትኩሳት የሚያስታውስ ያስታውሳል። በምሥረታ ላይ ያሉ ኩባንያዎች በጋዜጣና በቴሌቪዥን ያስተዋውቁ ነበር፤ ገዥው የሚያየው የመሥራቾቹን ፎቶግራፍ ነበር። ዛሬ ሕጉ ተለውጧል። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ወጥቶ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ተቋቁሟል፤ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያም ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራውን በይፋ ጀምሯል። ኢትዮ ቴሌኮም ከጥቅምት 2017 ዓ.ም. ጀምሮ እያንዳንዱን በ300 ብር ሒሳብ አክሲዮን ለሕዝብ ሲያቀርብ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። ከቀረቡት 100 ሚሊዮን አክሲዮኖች 10.7 ሚሊዮን ያህሉ ለ47,377 ገዥዎች ተሸጡ። ለዚያ ሽያጭ የወጣው የደንበኛ ሳቢ መግለጫ ማንም ሊያገኘው የሚችል ሰነድ ነበር። እንዲህ ያለ መግለጫ ሲነበብ ከትርፉ ምዕራፍ ይልቅ ስለ ሥጋቶች ከሚናገረው ምዕራፍ መጀመር ይመረጣል። የትርፉን ማስታወቂያው ይነግረናል፤ ሥጋቱን የሚነግረን ሕጉ ስላስገደደ ብቻ ነው።

በሰው ስም የሚሠራ ቤት

ከጅዳ፣ ከቤይሩት ወይም ከዋሽንግተን ገንዘብ የሚልኩ ወገኖቻችን ጉዳይ እዚህ ላይ ይገባል። እህት ስምንት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ የላከችው ገንዘብ በወንድም ስም ቤት ይሆናል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1195 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት የባለቤትነት ማረጋገጫ የተሰጠው ሰው ባለቤት ነው ተብሎ ይገመታል። ያ ወንድም ሲያገባ፣ ሲሞት ወይም ዋስ ሲሆን ቤቱ የእርሱ ተብሎ ይቆጠራል። እህት የሐዋላ ደረሰኞቿን ካላስቀመጠች የምታቀርበው ማስረጃ እንባዋ ብቻ ይሆናል። ውክልና ሰጥቶ መሄድም ቢሆን በጥንቃቄ ነው። በቁጥር 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥና በመያዣ ለመስጠት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ለማስገንባትና ኪራይ ለመሰብሰብ ብቻ ሰው የፈለገ «መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማስያዝ» የሚለውን የተለመደ ዝርዝር ከውክልናው ማስወጣት ይችላል። ጸሐፊው በልማድ ጽፎት ከሆነ ይሰረዝ ማለት መብት ነው።

ለተከራዮች ደግሞ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አለ። የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ላላነሰ ጊዜ እንዲሆን፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። አከራይ የስድስት ወር ኪራይ አንድ ላይ አምጡ ሲል ዕቁብ ለመጣል ከመሮጥ በፊት ይህንን ማንበብ ይቀድማል።

የት ይገኛሉ?

ከላይ የተጠቀሱት አዋጆች የወጡት በነጋሪት ጋዜጣ ነው። ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ሲታተም የኖረ ሲሆን፣ የፌዴራሉን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 3/1987 የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ቅጂ ሲለያዩ የአማርኛው የበላይ እንዲሆን ደንግጓል። ሕግ በእንግሊዝኛ ብቻ የሚገባን የሚመስለን ሰዎች ይህንን ብናስብበት መልካም ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አማርኛ ግን የድሮ ነው፤ ረቂቁን በፈረንሳይኛ ያዘጋጁት ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ስለነበሩ አንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሁለትና ሦስት ጊዜ ካልተነበበ አይፈታም። በዚህ ጊዜ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎች ይረዳሉ። ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ወዲህ የሰበር የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ፣ በየቅጹ የታተሙት ውሳኔዎች ሕጉ በተግባር እንዴት እንደሚሠራ ያሳያሉ። ዋስትና፣ ብድር፣ የቤት ሽያጭ በሚሉት ርዕሶች ሥር የተሰበሰቡት ታሪኮች ልብ ወለድ ያስንቃሉ። መጽሐፍ መግዛት የከበደው ሰው በወመዘክር ወይም ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ አራት ኪሎ በተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ማንበብ ይችላል።

የመጨረሻው ጉዳይ የውል ቅጂ ነው። ባንክ፣ ብድርና ቁጠባ ተቋም ወይም ኢንሹራንስ ውል ሲያስፈርም አንድ ቅጂ ለፈራሚው ይገባል፤ ለዋሱም እንዲሁ። ብሔራዊ ባንክ ያወጣው የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ ቁጥር 01/2020 ተቋማት የአገልግሎታቸውን ዋጋና ሁኔታ ለደንበኛ አስቀድመው እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። ሠራተኛው «ቅጂ አንሰጥም» ካለ ጥያቄውን በጽሑፍ ለቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ማቅረብ፣ መልስ ካልተገኘ አቤቱታውን ለብሔራዊ ባንክ ማድረስ ይቻላል። ቅጂው ሲገኝ ቀኑ ተጽፎበት ከደመወዝ መግለጫዎቹ ጋር በአንድ ፋይል ይቀመጥ፤ ፋይሉ የት እንዳለም የትዳር ጓደኛ ይወቅ።